ውዝፍ ጨዋታዎችና የይግባኝ ፍርድ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ ሲነገረኝ፣ ከእኔ የሚጠበቀው ስለ ፕሮግራም ሥራ ጥራት አንድ ጠንከር ያለ ጥናት እንደ ነበር አውቃለሁ። ይዤ የቀረብሁት ግን ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ነው። ከመካከላችሁ «ሽበት ያወጣ ሰው ስለ ልጆች መጫወቻ ሊያወራን ነው ወይ?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ የቪዲዮ ጨዋታ ከሁሉ አስቀድሞ የፕሮግራም ሥራ ነው። እኛ በየመሥሪያ ቤታችን የምንሠራውን የሚመስል ሥራ የሚሠሩ ሰዎች፣ ቀን ተቆርጦባቸው ደክመውበት፣ ተመስግነውበትና ተወቅሰውበት የወጣ ነው። የእኛ ሥራ በርክክብ ቀን በጥቂት ሰዎች ፊት ሲፈረድበት፣ የእነርሱ ግን የሚፈረድበት በአደባባይ፣ በሚሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ነው። ስለዚህ በአንድ ሥራ ላይ ፍርድ እንዴት እንደሚሰጥ፣ እንዴት እንደሚሳሳትና እንዴት እንደሚታረም ለመመልከት ከዚህ የተሻለ መስክ አላገኘሁም። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

ነገሩ የተነሣው ከውዝፍ ነው። ውዝፍ የሚለው ቃል በግብር መሥሪያ ቤትና በፍርድ ቤት ዘንድ የታወቀ ነው፤ ጊዜው አልፎ ሳይከፈል የቀረ ዕዳ፣ ወይም ሳይታይ የቆየ መዝገብ ማለት ነው። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት በመደርደሪያዬና በኮምፒዩተሬ ውስጥ ተገዝተው ወይም በስጦታ ተገኝተው ያልተጫወትኋቸውን ጨዋታዎች ብቆጥር 41 ሆነው አገኘኋቸው። ይህ የእኔ ብቻ ጠባይ አይደለም። በ2003 ሥራ የጀመረው ስቲም የተባለው የኢንተርኔት መደብር በየወቅቱ ዋጋ እየቀነሰ ሲሸጥ፣ ኤፒክ የተባለው ተወዳዳሪው ደግሞ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ጨዋታዎችን በነፃ ሲያድል፣ የጨዋታ ዋጋ እጅግ ወርዷል፤ የሰው ዕድሜ ግን እንደ ቀድሞው ነው። አንዱን ጨዋታ በ20 ሰዓት ብናስብ 41ዱ 820 ሰዓት ይጠይቃሉ። ይህም በሳምንት 5 ሰዓት ለሚያገኝ ሰው ከሦስት ዓመት በላይ ይሆናል።

ሁሉን ማዳረስ የማይቻል ከሆነ መምረጥ ግድ ነው። ዝርዝሩን ደጋግሜ ሳየው አንድ ነገር ገረመኝ። ለብዙ ዓመታት ሳልነካቸው የቆዩት፣ ሰው ሁሉ የናቃቸው ጨዋታዎች ሳይሆኑ ሰው የተጣላባቸው ነበሩ። ግማሹ «ድንቅ ነው»፣ ግማሹ «ውርደት ነው» ያላቸውን ሥራዎች በይደር አቆይቻቸው፣ በእኔ ፍርድ ቦታ የሌሎችን ጩኸት አስቀምጬ ኖሬአለሁ።

የራሴን ጥፋት ሳልናገር ግን ወደ ሌሎች ሥራ አልገባም። በ2003 ተማሪ ሳለሁ፣ ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያወጣውን «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ፦ ዘ ዊንድ ዌከር» የተባለውን ጨዋታ፣ «ለሕፃናት የተሣለ ሥዕል» ብዬ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ አንድ ገጽ ሙሉ አጣጥዬ ጻፍሁ። ጽሑፉ ብዙ ሰው አሣቀ። ሥዕል ይሥል የነበረ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ግን አንብቦ ሲጨርስ፣ «ተጫውተኸዋል ወይ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አልተጫወትሁም። ያየሁት በአንድ የውጭ አገር መጽሔት ላይ የወጡ ሁለት ሥዕሎችን ነበር። ጓደኛዬ በዚያው ሰሞን የራሱን ጨዋታ ለመሥራት አስቦ በዚያ ዓይነት አሣሣል ደብተር መሙላት ጀምሮ እንደ ነበረ፣ ጽሑፌ በተለጠፈ በሳምንቱም ደብተሩን ዘግቶ እንዳስቀመጠው የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ስለዚህ ውዝፉን ማጣራት ስጀምር ለራሴ ሦስት ደንብ አወጣሁ። አንደኛ፣ ጨዋታውን ከመክፈቴ በፊት ስለ እርሱ የሰማሁትን ሁሉ በወረቀት ላይ ማስፈር፤ ያልተጻፈ ወሬ ሳይታወቅ ከራስ ሐሳብ ጋር ይደባለቃልና። ሁለተኛ፣ ሳልጨርስ አለመፍረድ፤ መጨረስ ካቃተኝም የቆምሁበትን ቦታ በግልጽ መናገር። ሦስተኛ፣ ክሱን በሦስት መክፈል፤ ይኸውም በሥራው ላይ የቀረበውን፣ ሥራው ከመውጣቱ በፊት ለሕዝብ በተሰጠው ተስፋ ላይ የቀረበውን፣ ሥራው በወጣበት ዘመን ምክንያት የቀረበውን ለየብቻ ማየት። ብዙ ጊዜ ሦስቱ በአንድ መዝገብ ተጠርዘው ስለሚቀርቡ፣ ተከሳሹ የሌላውንም ጥፋት ተሸክሞ ይቀጣል።

ለዚህ ከሁሉ የሚገልጸው ምሳሌ በ1982 ለአታሪ 2600 የወጣው «ኢ.ቲ.» ነው። ይህ ጨዋታ ለብዙ ዓመታት በዓለም ላይ ከተሠሩት ሁሉ የከፋ ተብሎ ሲጠራ ኖሯል። አታሪ በስሙ ለመጠቀም የፊልሙን መብት የገዛው በዚያው ዓመት በበጋ ነበር። ጨዋታው ለገና ገበያ መድረስ ስላለበት፣ ሃዋርድ ስኮት ዋርሻው የተባለው ፕሮግራመር ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም መባቻ፣ አምስት ሳምንት ገደማ ብቻ ተሰጠው። ካርትሪጁ ከሚገባው በላይ በብዛት ስለ ታተመ ሳይሸጥ ተመለሰ። በ1983 ኩባንያው ይህንንና ሌሎች ያልተሸጡ ጨዋታዎቹን በኒው ሜክሲኮ፣ አላሞጎርዶ በተባለች ከተማ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀበራቸው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የጨዋታ ገበያ በመላው ሲወድቅ፣ ሰው የውድቀቱን ምክንያት ሁሉ በዚህ አንድ ካርትሪጅ ላይ ደፈደፈው።

እኔ የተጫወትሁት የድሮውን ማሽን በሚያስመስል ፕሮግራም አማካይነት ነው። መመሪያውን አስቀድሜ አንብቤ ስጀምር ዓላማው ግልጽ ነበር። ጉልበቱ በተራመደ ቁጥር የሚቀንስበት እንግዳ ፍጡር ሦስት የስልክ ቁራጮችን ፈልጎ ወደ አገሩ ይደውላል። ችግሩ ጉድጓዶቹ ናቸው። የምስሉ ጠርዝ ገና ጉድጓዱን ሲነካ ፕሮግራሙ እንደ መውደቅ ይቆጥረዋል፤ ከወጣችሁ በኋላም ተመልሳችሁ ትገባላችሁ። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። ነገር ግን ማናችንም የምናውቀው፣ ጥቂት ቀን ተጨምሮ ቢፈተሽ ሊታረም የሚችል ዓይነት ጉድለት ነው። ስለዚህ ፍርዱን አሻሻልሁት፤ ሥራው ደካማ ነው፤ የከፋው ጥፋት ግን ቀኑን የቆረጠውና የኅትመቱን ብዛት የወሰነው ሰው ነው። በ2014 መጣያው ተቆፍሮ ካርትሪጆቹ ሲወጡ፣ ከመካከላቸው አንዱ በዋሽንግተን ወደሚገኘው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገባ። የተቀበረ ፍርድም እንዲህ ሊቆፈር ይችላል።

ሁለተኛው መዝገብ እኔው ራሴ የዘጋሁት «ዊንድ ዌከር» ነው። ኒንቴንዶ በ2000 በጃፓን ባሳየው ትርኢት ላይ የዜልዳ ጀግና በእውነተኛ ሰው መልክ ሲዋጋ የሚያሳይ አጭር ምስል አቅርቦ ስለ ነበር፣ ተመልካቹ ቀጣዩ ጨዋታ እርሱ ነው ብሎ ተስፋ አደረገ። በዓመቱ የታየው ግን ትልልቅ ዓይን ያለው፣ እንደ ካርቱን የተሣለ ልጅ ሆነ። ቁጣው የተነሣው ከዚህ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ክሱ በተሰጠ ተስፋ ላይ እንጂ በሥራው ላይ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ጨዋታውን የተጫወተ ሰው አልነበረምና።

ጨዋታውን በአሮጌ ማሽን ከዳር እስከ ዳር ተጫወትሁት። በዚያው ዘመን እውነተኛ ለመምሰል የተሠሩ ጨዋታዎች ዛሬ ፊታቸው እንደ ደረቀ ጭቃ ሲታይ፣ ይህ ግን ትናንት የተሣለ ይመስላል። የልጁ ዓይኖችም ለጌጥ ብቻ አልተተለቁም፤ መንገድ የጠፋበት ተጫዋች ልጁ ወዴት እንደሚያይ ተመልክቶ ፍንጭ ያገኛል። እውነተኛው ጉድለት ሌላ ቦታ ነበር። ወደ መጨረሻው ገደማ ስምንት የተሰበሩ ቁራጮችን ፍለጋ በባሕር ላይ ወዲያና ወዲህ መቅዘፍ እጅግ ያሰለቻል። ሠሪዎቹም ይህን አውቀው፣ በ2013 ጨዋታውን አድሰው ሲያወጡ ፍለጋውን አሳጠሩት፤ አሣሣሉን ግን በመሠረቱ አልለወጡትም። ሕዝቡ አብዝቶ የጮኸበት የሥራው ብርታት ነበር፤ ድካሙ ያለ ጩኸት አልፏል። የራሴን ፍርድ ሽሬዋለሁ።

ሦስተኛው የሂደዮ ኮጂማ «ሜታል ጊር ሶሊድ 2» ነው። በ2000 በታየው ማስታወቂያ ላይ የነበረው የታወቀው ጀግና ሶሊድ ስኔክ ብቻ ሲሆን፣ በ2001 ጨዋታው ሲወጣ ግን ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ተጫዋቹ የሚመራው ራይደን የተባለ ልምድ የሌለው ወጣት ሆነ። ብዙ ሰው እንደ ተታለለ ቆጠረው። በዚያ ዘመን የተጫወተ አንድ ወዳጄ እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሣ ይቆጣል። እኔ ዛሬ ስጫወተው ያየሁት፣ ማታለሉ የሥራው አንድ አካል መሆኑን ነው፤ ሌላውን ጀግና ለመምሰል የሚፈልገው ራይደን ብቻ አልነበረም፤ መሪውን የጨበጠው ተጫዋችም ነበር። ወደ ፍጻሜው ላይ ደግሞ አዛዡን የሚመስል አንድ የኮምፒዩተር አእምሮ፣ ዓለም በማይጠፋ ተራ ወሬ እየተጥለቀለቀች እንደ ሆነና እያንዳንዱ በየራሱ እውነት ውስጥ እንደሚዘጋ ይናገራል። በ2001 ይህ ንግግር የማይገባ ለፍላፊነት ተብሎ ነበር። ፌስቡክ የተመሠረተው በ2004፣ ዩቲዩብ በ2005 መሆኑን ስናስታውስ፣ ለፍላፊ የተባለው ሰው አስቀድሞ አይቶ እንደ ነበር እንረዳለን። እዚህ ላይ የቀረበው ክስ ሥራው በወጣበት ዘመን ምክንያት የመጣ ስለ ሆነ፣ ይግባኙን ያየው ራሱ ዘመን ነው።

አራተኛው በ2020 የወጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ፣ ክፍል 2» ነው። ጨዋታው ከ20 ሰዓት በላይ የሚወስድ ሲሆን፣ በወጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሜታክሪቲክ በተባለው የነጥብ መዝገብ ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጡት። ብዙዎቹ የፈረዱት አስቀድሞ አፈትልኮ በወጣው የታሪኩ ወሬ ላይ ነበር። በቀጣዩ ወር ሜታክሪቲክ፣ ማንኛውም ጨዋታ ከወጣ በኋላ 36 ሰዓት ሳይሞላው ተጫዋቾች ነጥብ እንዳይሰጡ ደንብ አወጣ። ይህ ለእኔ ብዙ ተናገረኝ፤ አለመቸኮል በሕግ የሚታዘዝበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነውና።

የዚህ ጨዋታ ነገር ከሌሎቹ ይልቅ ከባድ ነው። የምንወደውን ሰው የገደለችውን ሴት ግማሽ ያህሉን ጊዜ እኛው ራሳችን እንድንመራት ያስገድደናል። በመጀመሪያው ምሽት መሪውን አስቀምጬ ወጥቻለሁ። ስመለስ የእርሷን ወዳጆች፣ የእርሷን ሐዘንና ፍርሃት አየሁ። ደም መላሽ ምን ማለት እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ አንዱ ወገን በዳይ፣ ሌላው ተበዳይ የሚሆነው ታሪኩን መቍጠር ከጀመሩበት ቀን ነው። ሆኖም ትምህርቱ አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ እየተደጋገመ ስለሚያደክም፣ ከወቃሾቹ መካከል ጨርሰው የተናገሩትም እውነት አላቸው። ይህን መዝገብ አልዘጋሁትም። ሁሉም መዝገብ ይዘጋ ዘንድ ግድ አይደለም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ወቀሳ ነው። ምስጋናም ይቸኩላል። በ2013 የወጣው «ባዮሾክ ኢንፊኒት» በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ሰማይ የተወደሰ ሥራ ነበር፤ በደመና ላይ የተሠራችው ከተማው በእውነት ታስደንቃለች። ጊዜ ሲያልፍ ግን አንዳንድ ተቺዎች አንድ ነገር አነሡ። ታሪኩ በዘራቸው ምክንያት የተጨቆኑትን ሰዎች ዐመፅ ከጨቋኞቻቸው ግፍ ጋር በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል። እኔም ጨዋታውን በወጣበት ጊዜ ጨርሼው፣ ከአወዳሾቹ ጋር አብሬ ያወደስሁት ሰው ነኝ። ለማነጻጸር ስል ደግሜ ስጫወተው ተቺዎቹ ትክክል ሆነው አገኘኋቸው፤ ያን ጊዜ ዓይኔ በከተማይቱ ውበት ተይዞ ነበር። እንግዲህ ይግባኝ ለተፈረደበት ብቻ ሳይሆን ለተፈረደለትም ያስፈልጋል።

የመጨረሻው መዝገብ ለእኛ ሙያ ከሁሉ የቀረበ ነው። በ2016 አንድ አነስተኛ የእንግሊዝ ቡድን «ኖ ማንስ ስካይ» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ያሉት ዓለማት 18,446,744,073,709,551,616 ናቸው፤ ባልደረቦቼ ወዲያው እንደምትገነዘቡት ይህ የሁለት 64ኛ ርቢ ነው። ዓለማቱ በዲስክ ላይ አልተከማቹም፤ ተጫዋቹ ሲቀርብ ከአንድ ቁጥር ተነሥተው በስሌት ይወለዳሉ። የሥነ ስሌቱ ውበት ይህን ያህል ሆኖ ሳለ፣ በቃለ ምልልስ ላይ የተነገሩ ብዙ ነገሮች በውስጡ አልተገኙም። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ቦታ ቢገናኙም አንዱ ሌላውን ማየት አልቻለም። ቁጣው ትክክል ነበር። ሠሪዎቹ ግን ብዙ ሳይናገሩ መሥራት ቀጠሉ። በ2018 ተጫዋቾች በእውነት አብረው የሚጓዙበት ማሻሻያ ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ ማሻሻያው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቀጥሏል። በ2024 መጨረሻ ላይ በስቲም የተመዘገበው የተጫዋቾች አስተያየት ድምር እጅግ ወደ መልካምነት ተለወጠ።

እዚህ ላይ ዳኛው ይቸገራል። የ2016ቱ ፍርድ በዕለቱ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን የተፈረደበት ሥራ ዛሬ የለም፤ በስሙ የሚጠራው ሌላ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን መልክ ለማየት የሚፈልግ ተመራማሪ ከየት ያገኘዋል? ጥያቄው ከዚህም ይሰፋል። የአሜሪካው የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በዚያች አገር ከወጡት ጥንታውያን ጨዋታዎች 87 በመቶ የሚሆኑት በገበያ ላይ አይገኙም ነበር። በ2014 የወጣው «ዘ ክሩ» የተባለው የመኪና ጨዋታ ደግሞ፣ በ2024 ሰርቨሩ ሲዘጋ ገንዘብ ከፍለው ለገዙት ሰዎች ጭምር መጫወት የማይቻል ሆነ። መዝገቡ ከተቃጠለ ይግባኝ እንዴት ይታያል? አያቶቻችን በድንጋይ ላይ የፈለፈሉት ገበጣ ዛሬም ጠጠር ብቻ ይፈልጋል፤ እኛ የሠራነው ግን አንድ ኩባንያ ማብሪያና ማጥፊያውን ሲጫን ያበቃለታል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ከዚህ ሁሉ ለሙያችን ምን እንወስዳለን? በመጀመሪያ፣ የአንድን ፕሮግራም ሠሪ ሥራ ስንመረምር፣ ጉድለቱ ከእጁ ይሁን ከተቆረጠለት ቀን፣ ወይም እኛ ለደንበኛው ከገባነው ቃል ይሁን ለይተን እንናገር። ቀጥሎም፣ ሁሉም በሚጮኽበት ነጥብ ላይ ብቻ አንቁም፤ እንደ ባሕሩ ፍለጋ ማንም ያልጮኸበት ጉድለት ሊኖር ይችላል። በመጨረሻም፣ የምንሠራውን ሁሉ በየመልኩ፣ ከነስሕተቱ ጭምር እናስቀምጥ። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ሊፈርዱልን ወይም ሊፈርዱብን የሚችሉት መዝገቡ ከተገኘ ብቻ ነው።

ከ41ዱ ውዝፍ እስከ ዛሬ ያጣራሁት 24 ነው፤ 17 ይቀራል። «ዊንድ ዌከር»ን በጨረስሁበት ምሽት፣ ዛሬ በሌላ ሙያ ለሚተዳደረው ለዚያ የክፍል ጓደኛዬ ስልክ ደወልሁለት። «ጨዋታውን ተጫወትሁት፤ የጻፍሁት ሁሉ ስሕተት ነበር» አልሁት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ታዲያ ባሕሩስ?» ሲል ጠየቀኝ። «ባሕሩ እንኳ ያሰለቻል» አልሁት። እርሱም እየሣቀ፣ «እንዲህ ብለህ ብትጽፍ ኖሮ እኮ አልቀየምህም ነበር» አለኝ።

ደብተሩ እስከ ዛሬ በእጁ እንዳለ አልጠየቅሁትም። ውዝፌ ውስጥ ካሉት ሁሉ ከባዱ እርሱ ነው።